አይፓድ ኤር 2 ወይስ ጋላክሲ ታብ ኤስ 2? ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ ታብሌት ለሚገዛ ሰው

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ታብሌት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንዱ ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የመጣ አይፓድ ነው፤ ሌላው በሞባይል ቤት መስታወት ውስጥ የተደረደረ ሳምሰንግ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ታብሌት ከብዙ መምህርና ከብዙ ወላጅ አቅም ርቋል። ምርጫው ያለው እንግዲህ አሥር ዓመት ገደማ ባስቆጠሩት መካከል ነው። ከእነሱም ውስጥ ሁለቱን እዚህ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፦ የአፕልን አይፓድ ኤር 2 እና የሳምሰንግን ጋላክሲ ታብ ኤስ 2፣ ባለ 9.7 ኢንቹን።

እነዚህን የመረጥኩት ሁለቱ በቀጥታ ለመፎካከር የተሠሩ ስለሆኑ ነው። አይፓድ ኤር 2 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ወጣ። ሳምሰንግ በተከታዩ ዓመት ታብ ኤስ 2ን ሲያወጣ፣ በፊተኛው ታብ ኤስ ላይ የነበረውን ረዘም ያለ ጠባብ ስክሪን ትቶ የአይፓዱን ቅርጽ ያዘ። ሁለቱም 9.7 ኢንች ናቸው፤ የሁለቱም ስክሪን 2048 በ1536 ነጥብ ነው፤ ሁለቱም በጣት አሻራ ይከፈታሉ። ሳምሰንጉ 389 ግራም፣ አይፓዱ 437 ግራም ይመዝናል። ቆሞ ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ ይሰማል፤ ጠረጴዛ ላይ ለሚያነብ ግን ከቁጥር አያልፍም።

ሞባይል ቤት ውስጥ የሚሰማው ክርክር «የትኛው ይፈጥናል?» የሚል ነው። እኔ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ እላለሁ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ የትኛው ይሠራልኛል? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ መጽሐፉን አስቀድሞ ያወረደ ተማሪ ማንበቡን ቀጠለ፤ ሲያስፈልገኝ አወርደዋለሁ ብሎ የተወው ባዶ ስክሪን ታቀፈ። ስለዚህ ፍተሻውን በዚህ ቅደም ተከተል ያድርጉት፦ መጀመሪያ ኔትወርክ ባለበት፣ ቀጥሎ ኔትወርኩን አጥፍተው።

ይዘው የሚሄዱት

ከቤት ሳይወጡ አንድ ማይክሮ ሚሞሪ ካርድና አንድ ፍላሽ ያዘጋጁ። በሁለቱም ላይ አራት ነገር ይጫኑ፦ ልጅዎ የሚማርበትን መጽሐፍ በፒዲኤፍ፣ ገጹ በፎቶ የተነሣ ከባድ የአማርኛ ወይም የግዕዝ መጽሐፍ፣ አንድ ቪዲዮ፣ በአማርኛ የተጻፈ የዎርድ ሰነድ። ከዚህ ሌላ ፓወር ባንክ፣ ናኖ ሲም ካርድ እና ፓኬጅ የተሞላበት ስልክ ይያዙ። ሻጩ ዋይፋይ ቢኖረውም በራስዎ ስልክ ሆትስፖት ይሞክሩ፤ ታብሌቱ ከአንድ ዋይፋይ ጋር ብቻ ሲገናኝ ማየት ሙሉ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሰዓቱንም ይምረጡ። ምሽት ላይ በሞባይል ቤት ነጭ መብራት ሥር የታየ ስክሪን ብዙ ይደብቃል። ቀን ሄደው በር ላይ ፀሐይ ያለበት ቦታ እንዲያዩት ይጠይቁ።

ሞዴሉን ያረጋግጡ

ሻጭ «ኤር ቱ ነው» ስላለ ብቻ ኤር 2 አይሆንም። የመጀመሪያው አይፓድ ኤር በመልክ በጣም ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩ በአይኦኤስ 12 ቆሟል። በአይፓዱ ጀርባ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ኤ1566 ዋይፋይ ብቻ ያለው ኤር 2 ነው፤ ኤ1567 ሲም የሚቀበለው። ከዚያ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ገብተው የሞዴል ቁጥሩ በምን ፊደል እንደሚጀምር ይዩ። በኤም ከጀመረ እንደ አዲስ የተሸጠ ነው፤ በኤፍ ከጀመረ አፕል አድሶ የሸጠው፤ በኤን ከጀመረ በጥገና ምትክ የተሰጠ። ኤፍና ኤን ነውር አይደሉም። «ከካርቶን የወጣ አዲስ ነው» የሚልዎት ሰው እጅ ላይ ኤፍ ካዩ ግን የቀረውንም ቃሉን በጥንቃቄ ይመዝኑ።

የ9.7 ኢንቹ ታብ ኤስ 2 ቁጥሮች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ኤስኤም-ቲ810 ዋይፋይ፣ ኤስኤም-ቲ815 ባለ ሲም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሮሰሰራቸው ተቀይሮ የወጡት ኤስኤም-ቲ813 እና ኤስኤም-ቲ819። ቲ710 እና ቲ715 ካዩ ባለ 8 ኢንቹ ነው፤ በስም አንድ ሆኖ በዋጋም በመጠንም ይለያል። ከአሜሪካ የመጣው ቲ817 ከአንድ የአሜሪካ ቴሌኮም ጋር የተሳሰረ ሊሆን ስለሚችል የራስዎን ሲም አስገብተው ዳታ ሳይከፍቱ አይመኑት።

የመያዣ መጠኑን እዚሁ ይዩ። አይፓድ ኤር 2 በ16፣ በ32፣ በ64 እና በ128 ጊጋባይት ተሠርቷል፤ ሚሞሪ አይቀበልም። ባለ 16ቱን በርካሽ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ። ሶፍትዌሩ ራሱ ከዚያ ላይ ብዙ ጊጋባይት ይይዛል፤ የተረፈው ጥቂት ቪዲዮ ሲገባበት ይሞላል። ሳምሰንጉ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ይዞ እስከ 128 ጊጋባይት ሚሞሪ ይቀበላል።

ሎኩ

ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ።

አይፓድ ከባለቤቱ የአፕል አካውንት ጋር ይታሰራል። ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ከአይኦኤስ 7 ጋር ያመጣው መቆለፊያ ነው፤ ሰዉ «አይክላውድ ሎክ» ይለዋል። አደጋው አይፓዱ በሻጩ እጅ እያለ በደንብ እየሠራ መታየቱ ነው። ቤት ወስደው ሲያጸዱት ይቆለፋል፤ የቀድሞውን ባለቤት ኢሜይልና ፓስወርድ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ለሻጭም ለጠጋኝም የሚሆን ቀጥተኛ መፍትሔ የለም።

ስለዚህ ሴቲንግን ከፍተው ከላይ ስም እንዳለ ይዩ። ስም ካለ ሻጩ እፊትዎ በፓስወርዱ ይውጣ። ከዚያ «ወንድሜ፣ አሁን እዚሁ አጽዳውና እንደገና እናስነሣው» ይበሉት። ጀነራል ውስጥ ከታች ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው ትእዛዝ አለ። ጸድቶ ሲነሣ በሆትስፖትዎ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተው እስከ ዋናው ገጽ ድረስ ይሂዱ። በመካከል የሌላ ሰው ኢሜይል በከዋክብት ተሸፍኖ ብቅ ካለ መልሰው ይስጡት። «ነገ አስከፍትልሃለሁ» የሚል ሻጭ ነገ ያስከፍትና ያን ጊዜ ይክፈሉት።

ከአሜሪካ በሚመጡ አይፓዶች ላይ ሌላም ነገር አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶችና ኩባንያዎች አይፓድን በጅምላ ገዝተው ከሩቅ ያስተዳድሩታል። እንዲህ ያለው ዕቃ ሲነሣ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ያመጣል፤ ወይም ሴቲንግ አናት ላይ በአንድ ድርጅት ቁጥጥር ሥር እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ይታያል። ይህ አካውንት በማውጣት አይለቅም፤ ማስለቀቅ የሚችለው ድርጅቱ ራሱ ነው። አይግዙት።

አይፓዱን የላከልዎ እኅትዎ ወይም የአክስትዎ ልጅ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ሳይወጡ ልከውት ቢሆንም እንኳ ባሉበት ሆነው በኮምፒውተር አይክላውድ ገብተው «ፋይንድ» ከሚለው ክፍል ዕቃውን ከአካውንታቸው ማውጣት ይችላሉ። ደውለው ይጠይቋቸው፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ቻርጀሩ የአሜሪካ ሶኬት ካለው አይስጉ፤ የአፕል ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው።

ሳምሰንጉም የራሱ መቆለፊያ አለው። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ፣ ባለቤቱ የጎግል አካውንቱን ሳያወጣ ዕቃው በጎን ቁልፎቹ ተጭኖ ከጸዳ ሲነሣ የድሮውን ጂሜል ይጠይቃል። የሳምሰንግ አካውንት ደግሞ ለብቻው ሊኖር ይችላል። በሴቲንግ ውስጥ አካውንትስ የሚለውን ከፍተው ሁለቱም እንዲወጡ ያድርጉ፤ ከዚያ ያጽዱት፤ እንደገና አስነሥተው ይዩ።

ስክሪኑ

የሁለቱ ትልቁ የአሠራር ልዩነት ስክሪናቸው ላይ ነው። የሳምሰንጉ አሞሌድ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ይበራል፣ ጥቁር ሲሆን ጨርሶ ይጠፋል። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ማታ በጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል አድርጎ ለሚያነብ ሰው ባትሪ ይቆጥባል። ድክመቱ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ የቆመ ምስል ጥላውን ትቶ መቅረቱ ነው። ሙሉ በሙሉ ግራጫ ወይም ነጭ የሆነ ምስል ከፍተው በደንብ ይዩ፤ ከላይ የሰዓትና የባትሪ ምልክት፣ ወይም የኪቦርድ ቅርጽ እንደ ጥላ ከታየ ያ አይለቅም። በሱቅ ለማሳያ ሲበራ የኖረ ዕቃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

የአይፓዱ ኤልሲዲ ነው። ጥላ አይተውም፤ ነገር ግን ነጭ ነጠብጣብ ወይም በጠርዝ ቢጫነት ሊኖረው ይችላል። ኤር 2 ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን የተደረገበት የመጀመሪያው አይፓድ በመሆኑ ከቤት ውጭ ለማንበብ ይመቻል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ከጣና ሐይቅ የሚመለሰውን ብርሃን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሁለቱም ላይ መስታወቱና የሚያበራው ክፍል አንድ ላይ የተጣበቁ ስለሆኑ መስታወት ብቻ ማስቀየር ያስቸግራል፤ ሲሰበር ሙሉው ይቀየራል። ስንጥቅ ያለበትን «በትንሽ ብር ይሠራል» ቢሉዎት አይቀበሉ። የንክኪውን (የታቹን) ጤና ለማወቅ አንድ የመተግበሪያ ምልክት በጣትዎ ይዘው ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ያርሱት። ከእጅዎ የሚያመልጥበት ቦታ ካለ ታቹ እዚያ ጋ ሞቷል።

ባትሪው

መጀመሪያ ዕቃውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝተው ጠርዙን ይጫኑ። ከተወዛወዘ፣ ወይም ስክሪኑ ከክፈፉ ተነሥቶ ከታየ ባትሪው አብጧል። ያበጠ ባትሪ ሊቃጠል ስለሚችል በማንኛውም ዋጋ አይግዙት፤ ቤትዎ ያለው አሮጌ ዕቃ እንዲህ ከሆነም ቻርጅ ማድረግዎን ያቁሙ።

አይፓዱ የባትሪውን ጤና በሴቲንግ አያሳይም። ብዙ ሞባይል ቤቶች በኮምፒውተራቸው ላይ ስሪዩቱልስ የተባለው ፕሮግራም አላቸው፤ በኬብል ሲገናኝ ባትሪው ስንት ጊዜ ሞልቶ እንዳለቀ ያሳያል። አፕል የአይፓድ ባትሪ ከ1,000 ሙሉ ዙር በኋላ 80 ከመቶ አቅሙን እንዲይዝ አድርጎ እንደሚሠራው ይገልጻል። ለሳምሰንጉ ግን የሚሻለው መንገድ ሰዓት ነው፤ ለአይፓዱም ይሠራል። በአውሮፕላን ሁኔታ አድርገው፣ ብርሃኑን መካከለኛ አድርገው ቪዲዮ 30 ደቂቃ ያጫውቱ። አዲስ አይፓድ 10 ሰዓት ይሠራል ስለሚባል በግማሽ ሰዓት 5 ከመቶ ቢወርድ ጤነኛ ነው። እስከ 8 ወይም 10 ከመቶ ቢወርድ በዕድሜው ይፈቀድለታል። ከ15 ካለፈ፣ ወይም ከ40 ወደ 20 ዘሎ ከወረደ ባትሪው አልቋል፤ የባትሪውንና የእጅ ዋጋውን ከጠየቁት ብር ላይ ይቀንሱ።

መብራት በሚጠፋበት ቤት ሌላ ስሌትም አለ። የአይፓዱ ባትሪ 27.3 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሳምሰንጉ 5,870 ሚሊአምፒር ሲሰላ ወደ 22.6 ይመጣል። 10,000 ሚሊአምፒር ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ባንክ በውስጡ 37 ዋት ሰዓት ይኑረው እንጂ በኬብልና በሙቀት ከሚባክነው በኋላ ከሁለት ሦስተኛው ብዙም የሚበልጥ አይደርስዎትም። ይህም ሳምሰንጉን አንድ ጊዜ ሊሞላ ይቃረባል፤ አይፓዱን ግን ሙሉ አያደርሰውም።

የቻርጅ ቀዳዳውን ኬብል ሰክተው በቀስታ ያነቃንቁ። የሳምሰንጉ ማይክሮ ዩኤስቢ ስለሆነ ኬብሉ በየሱቁ ይገኛል፤ ቀዳዳው ግን በዓመታት ይላላል። የአይፓዱ ላይትኒንግ ይጠነክራል፤ ኬብሉም ከአይፎን 5 እስከ አይፎን 14 ካሉት ጋር አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ኔትወርኩን ያጥፉ

ከዚህ በኋላ ዋይፋዩንም ሲሙንም አጥፍተው ይዘውት የመጡትን አራት ፋይሎች ያስገቡ።

በሳምሰንጉ ላይ ሚሞሪውን ሰክተው «ማይ ፋይልስ» ከፍተው ፒዲኤፉን መንካት ነው። ከጓደኛ ስልክ በዜንደር መቀበል፣ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፎልደር መገልበጥ፣ ካርዱን አውጥቶ ለጎረቤት ልጅ መስጠት ይቻላል። በአይፓዱ ላይ መንገዱ ጠባብ ነው። ከአይፓድኦኤስ 13 ወዲህ በላይትኒንግ የሚሰካ አስማሚ ካለዎት ፍላሹን «ፋይልስ» በሚለው መተግበሪያ ያነባል፤ አንዳንዱ ፍላሽ ግን በአስማሚው በኩል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ያለ አስማሚ ኮምፒውተርና አይቲዩንስ ያስፈልጋል። ኤርድሮፕ በመሠረቱ ከሌላ የአፕል ዕቃ ጋር የሚሠራ ነው።

ሚሞሪ ካርድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ የአገራችን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ኦሮሚያ ውስጥ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም ታብሌት ከፀሐይ ኃይል ቻርጀር ጋር ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ አልተመደበላቸውም፤ ትምህርቱ ሁሉ ታብሌቱ ውስጥ አስቀድሞ የተጫነ ነበር። ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ ሚሞሪ ካርዶቹን በመቀየር ልጆቹ ምን እንደተጠቀሙ ያጠና ነበር። ከወራት በኋላ ልጆቹ እንዳይሠራ ተደርጎ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተውት ተገኙ። ያ ሥራ በኔትወርክ ላይ ቢመሠረት ኖሮ ገና ሳይጀመር በቆመ ነበር።

የመማሪያ መጽሐፉን ሲከፍቱ ገጹን ሙሉ አድርገው ያንብቡ። አራት ለሦስት የሆነው የእነዚህ ስክሪኖች ቅርጽ ከኤፎር ወረቀት ጋር ስለሚቀራረብ ገጹ ከእውነተኛው መጠን ሁለት ሦስተኛ ሆኖ ይቀመጣል። በ12 ነጥብ የታተመ ፊደል 8 ነጥብ ያህል ይመስላል ማለት ነው። ለወጣት ዓይን ይበቃል፤ መነጽር ለሚያደርግ ወላጅ ማስፋት ያስፈልጋል።

በፎቶ የተነሣውን ከባድ መጽሐፍ አጥብቀው ይሞክሩ። የጣና ገዳማት ብራናዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በምሁሩ ኤርንስት ሐመርሽሚት ጥረት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ የክብራን ገብርኤልን መጻሕፍት የሚገልጸው ጥራዝም በ1973 ታትሟል። ከእንዲህ ያለ ፊልም የተገኘ ፒዲኤፍ እያንዳንዱ ገጹ ምስል ነው፤ ግዕዝ የሚያጠና ሰው ደግሞ የፊደሏን እግር ለመለየት ደጋግሞ ያሰፋል። በኢንች 264 ነጥብ ያላቸው ሁለቱም ስክሪኖች ለዚህ በቂ ናቸው። ገጽ በማገላበጥ ግን አይፓዱ ይቀድማል፤ 2 ጊጋባይት ራም ብቻ ቢኖረውም ኤ8ኤክስ የተባለው ባለ ሦስት ኮር ፕሮሰሰሩ ጠንካራ ነው። ሳምሰንጉ 3 ጊጋባይት ራም ይዞም አንዳንዴ ገጹን አደብዝዞ ቆይቶ ያጠራዋል። ሃያ ገጽ በፍጥነት ገልብጠው ይፍረዱ።

የዎርድ ሰነዱ ላይ የፊደል ችግር ካገኙ ታብሌቱን አይውቀሱ። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ሁለቱም ታብሌቶች በትክክል ያሳዩታል። ከዚያ በፊት በተለመዱት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ግን የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆኖ ይከፈታል። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ያስገቡት። መጻፊያውንም ይሞክሩ፤ በሳምሰንጉ ጂቦርድ ውስጥ አማርኛ አለ፤ በአይፓዱ ኪይማን የተባለውን ኪቦርድ መጫን ይቻላል። ስምዎን ጽፈው ይዩ።

የሶፍትዌሩ ዕድሜ

ሳምሰንጉ የሚሸነፈው እዚህ ነው። ታብ ኤስ 2 በአንድሮይድ 7 ቆሟል። ክሮም ከ119ኛው ቅጂ በኋላ አንድሮይድ 7ን አይደግፍም። ሌላም አለ፦ ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበትን የሌትስ ኢንክሪፕት አዲስ የምስክር ወረቀት ከ7.1.1 በታች ያለ አንድሮይድ አያውቀውም፤ ስለዚህ ጤነኛ ገጽ «አደገኛ ነው» እየተባለ ሊዘጋብዎት ይችላል። የራሱን ዝርዝር የያዘው ፋየርፎክስ አብዛኛውን ያልፋል። የደኅንነት ማሻሻያ ካቆመም ዓመታት ስለሆኑ ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ በዚህ ዕቃ ላይ አይጫኑ።

አይፓድ ኤር 2 ከአይኦኤስ 8 ተነሥቶ እስከ አይፓድኦኤስ 15 ደርሷል፤ አፕል እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ የደኅንነት ጥገና ልኮለታል። አዳዲስ መተግበሪያዎች ግን አይፓድኦኤስ 16 መጠየቅ ጀምረዋል፤ የዩቲዩብ መተግበሪያ ከእነዚህ አንዱ ነው። ለብዙዎቹ አፕ ስቶር የሚስማማውን የመጨረሻ ቅጂ ያቀርባል፤ ለዩቲዩብ ሳፋሪ ይበቃል። ቴሌግራም በሁለቱም ላይ መሥራቱን እዚያው ሱቅ ከፍተው ያረጋግጡ፤ ፋይል የሚመጣው በእሱ ነውና።

ሐይቅ ዳር ለሚሠራ

አስጎብኚ ከሆኑና ለእንግዳ ካርታና ፎቶ ለማሳየት ከፈለጉ አይፓዱን እመርጥልዎታለሁ፤ ነጸብራቁ ያነሰ ነው። ሁለቱም ውኃ አይችሉም። ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሻገሩ ከማዕበሉ የሚረጨው ውኃ በድምፅ ማጉያውና በቻርጅ ቀዳዳው ይገባልና በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ያኑሩት። አይፓዱ የሚሠራው እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ጀልባው ወንበር ላይ ከተተወ ስክሪኑ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ራሱን ይዘጋል። ካሜራቸው ሁለቱም 8 ሜጋፒክስል ሆኖ ፍላሽ የለውም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ባለው ደብዛዛ ብርሃን የሚነሣው ፎቶ ሻካራ ይሆናል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕሎች ከፍላሽ ለመጠበቅ ግን ይኸው ይሻላል።

የእኔ ፍርድ

የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ፣ መጽሐፉ ሁሉ በፒዲኤፍ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም ኮምፒውተር ከሌለ፣ ጥላ የሌለበት ስክሪንና ጤነኛ ባትሪ ያለው ታብ ኤስ 2 ከ64 ወይም ከ128 ጊጋባይት ሚሞሪ ጋር ይግዙለት። ሶፍትዌሩ ማርጀቱን አውቄ ነው ይህን የምለው። መጽሐፉን ከማንኛውም ሰው በማንኛውም መንገድ ተቀብሎ፣ ኢንተርኔት ለወራት ቢቆም ሳይቸገር የሚያነብበት ዕቃ እሱ ነው።

ለመምህር፣ ለነርስ፣ ለአስጎብኚ፣ ኢንተርኔት በሥራው ላይ ለሚያገኝና ኮምፒውተር በአቅራቢያው ላለ ሰው፣ አካውንቱ የጸዳ ባለ 64 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ አይፓድ ኤር 2 ይሻላል። ዘመድ በነጻ ከላከውማ ያለ ክርክር እሱን ይያዙ፤ የተረፈዎትን ገንዘብ ለአስማሚና ለፓወር ባንክ ያውሉት።

ጥቂት ብር መጨመር ከቻሉ ግን ከሁለቱም ያለፈውን ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ 5ኛ ትውልድ አይፓድ፣ ኤ1822 ወይም ኤ1823፣ እስከ አይፓድኦኤስ 16 ይሄዳል፤ መስታወቱም ለብቻው ስለሚቀየር ጥገናው ይቀልላል። እ.ኤ.አ. የ2019ኙ ጋላክሲ ታብ ኤ 10.1፣ ኤስኤም-ቲ510 ወይም ኤስኤም-ቲ515፣ እስከ አንድሮይድ 11 ይደርሳል፤ ሚሞሪ ይቀበላል፤ ቻርጁም ዩኤስቢ-ሲ ነው። ለተማሪ ከሁሉም አስቀድሜ የምመርጠው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ስክሪኑ ከታብ ኤስ 2 ቢያንስም።

ሲከፍሉ እና የመጀመሪያው ማታ

ከፔዳ ወይም ከፖሊ ካምፓስ ተማሪ እጅም ይግዙ ከሱቅ፣ የሽያጭ ወረቀት ይጻፉ። የሻጩ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የታብሌቱ ሴሪያል ቁጥር፣ ቀንና ዋጋ ይስፈርበት፤ ምስክር ይፈርም። ዕቃው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ይህ ወረቀት ከማን እንደገዙት ያስረዳልዎታል። ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ ያድርጉት፤ ደረሰኙ ይቀራል። ሱቅ ከሆነ ስንት ቀን ዋስትና እንደሚሰጥ እዚያው ወረቀት ላይ ያስጽፉ።

ሚሞሪ ካርድ አብረው ከገዙ ማታውኑ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ይጫኑበትና መጨረሻ ላይ የገባውን ይክፈቱ። 128 ተብሎ የተጻፈበት ሐሰተኛ ካርድ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ፋይሎቹን ማበላሸት ይጀምራል፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ካወቁ ካርዱን መመለስ ይችላሉ።

የአፕልም ሆነ የጎግል አካውንት በራስዎ ስልክ ቁጥር ይክፈቱ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ በራሱ አካውንት አስገብቶ ቢሰጥዎት መቆለፊያው የእሱ ነው። ፓስወርዱን ሲያወጡ ኢሜይሉን፣ ፓስወርዱንና የተመዘገበበትን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ከሽያጭ ወረቀቱ ጋር ያስቀምጡ፤ ሲም ሲቀይሩም ቁጥሩን አካውንቱ ላይ ያድሱ።